የርቀት ተከታታይ ትምህርት ለጥንዶች ቴራፒስት፦ አመራረጡ፣ አቀማመጡና ኬዝ አቀራረቡ

በሎስ አንጀለስ ፈቃድ ያለኝ የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒስት ነኝ። ወደ እኔ ከሚመጡት ጥንዶች አብዛኞቹ አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። እዚህም ሆነ አዲስ አበባ ያሉ ወጣት ባልደረቦች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ፦ «በኢንተርኔት ከሚሰጠው የሳይኮአናሊሲስና የጥንዶች ቴራፒ ትምህርት የቱን ልውሰድ? በስክሪን ተምሮ ሥራው ይሻሻላል ወይ?» ሳይኮአናሊሲስ ሰው ሳያውቀው ውስጡ የሚሠራውን ስሜት በንግግር የሚመረምር የሕክምና አካሄድ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። ንግግር አዳምጦ ሰርተፍኬት ማውረድ ቀላል ነው። ሥራችንን የሚለውጠው ግን የራሳችንን ኬዝ (የምናያቸውን ጥንዶች ሕክምና) ለትንሽ ቡድን ዘርግተን፣ እኛ ያላየነውን ሌላው ሲያይ ቁጭ ብሎ መስማት ነው። ይህ ደግሞ በርቀት ይቻላል፤ ዝግጅት ግን ይፈልጋል። ስለዚህ ጊዜያችሁንና ገንዘባችሁን ስታከፋፍሉ ለኬዝ ሴሚናር ቅድሚያ ስጡ፣ የተረፈው ለሌላው ይሁን።

መጀመሪያ የፈቃዱን ሰዓት አስሉ

ይህን ክፍል ቶሎ ልጨርሰው። በካሊፎርኒያ የጋብቻና ቤተሰብ ቴራፒስትም ሆነ ክሊኒካል ሶሻል ወርከር ፈቃዱን የሚያድሰው በየ2 ዓመቱ ነው፤ ለእድሳቱ 36 የተከታታይ ትምህርት ሰዓት ይጠየቃል። ከዚህ ውስጥ 6ቱ በሕግና በሥነ ምግባር ላይ መሆን አለባቸው። ከሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በርቀት ሕክምና አሰጣጥ ላይ የ3 ሰዓት ሥልጠና አንድ ጊዜ መውሰድ ግዴታ ሆኗል። ሌላ ግዛት ያላችሁ ቁጥሩም ደንቡም ይለያያል፤ ከጓደኛ አፍ አትውሰዱ፣ የግዛታችሁን ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ገጽ ራሳችሁ አንብቡ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከ36ቱ 6ቱ ሲነሱ 30 ሰዓት ይቀራል። በሳምንት አንድ ቀን የአንድ ሰዓት ተኩል ሴሚናር ለ10 ሳምንት ብትወስዱ 15 ሰዓት ይሆናል። እንዲህ ያለ ሴሚናር በዓመት አንድ፣ በሁለት ዓመት ሁለት ከወሰዳችሁ 30ው ሞላ ማለት ነው። ፈቃዱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እኩለ ሌሊት ላይ ቪዲዮ እየከፈቱ ሰዓት መልቀም አያስፈልግም።

ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፦ አዘጋጁ ቦርዳችሁ በሚቀበለው አካል የጸደቀ ነው? የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ወይም የሶሻል ወርከሮች ብሔራዊ ማኅበር ያጸደቀው ከሆነ የካሊፎርኒያ ቦርድ ይቀበለዋል። የለንደን ተቋም የሚሰጠው ግሩም ሴሚናር ይህ ማጽደቂያ ከሌለው ለዕውቀት እንጂ ለፈቃድ አይሆንም። እኔ እንዲህ ያለውንም እወስዳለሁ፤ ነገር ግን ለየብቻ ነው የምመዘግበው። ሰርተፍኬቱ ሲመጣ ስማችሁ፣ የኮርሱ ርዕስ፣ ቀኑ፣ የሰዓቱ ብዛትና የአጽዳቂው አካል ስም መኖሩን አይታችሁ ወዲያው ፋይል አድርጉት። በካሊፎርኒያ ፈቃዱ ከታደሰ በኋላ ቢያንስ ለ2 ዓመት መያዝ ግዴታ ነው። ብዙ አዘጋጆች የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ደቂቃ ይቆጥራሉ፣ የግምገማ ቅጹን ካልሞላችሁም ሰርተፍኬት አይልኩም።

ገና ፈቃድ ላላገኛችሁና ለፈቃዱ የሚጠየቀውን 3,000 የሥራ ሰዓት በመሙላት ላይ ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ፦ ለንደን ወይም ኒውዮርክ ካለ ታዋቂ አናሊስት (የሳይኮአናሊሲስ ባለሙያ) ጋር የምታደርጉት ምክክር፣ ምንም ያህል ጥልቅ ቢሆን፣ ለፈቃድ የሚቆጠር ሱፐርቪዥን (የሥራ ክትትል) አይደለም። ለዚያ የካሊፎርኒያ ፈቃድ ያለው ሱፐርቫይዘር ያስፈልጋችኋል። ሁለቱን ጎን ለጎን መያዝ ይቻላል፤ ለሱፐርቫይዘራችሁ ግን ንገሩት፣ አለዚያ አንድ ጥንድ ላይ ሁለት አለቃ ይመጣል።

የማን በር ይንኳኳ?

በጥንዶች ላይ የሚሠራው የሳይኮአናሊሲስ አካሄድ ከየት እንደመጣ ማወቅ ምርጫውን ያቀልላል። በ1948 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ፣ ጦርነቱ ትዳሮችን ባናጋበት ወቅት፣ ኢኒድ ባሊንት (ያን ጊዜ ኢኒድ አይክሆልዝ ትባል ነበር) የቤተሰብ ውይይት ቢሮ የሚባል ነገር አቋቋመች። ሶሻል ወርከሮች የተጣሉ ጥንዶችን ያነጋግራሉ፣ ከዚያ ከአናሊስቶች ጋር ተቀምጠው ኬዙን ይመረምራሉ። ያ ቢሮ ስሙን ደጋግሞ ቀይሮ ዛሬ ታቪስቶክ ሪሌሽንሺፕስ ይባላል፤ አጫጭር ትምህርቶችን በኢንተርኔትም ይሰጣል። እዚያው ለንደን፣ ታቪስቶክ ክሊኒክ ውስጥ፣ የአእምሮ ሐኪሙ ሄንሪ ዲክስ ባልና ሚስት አንዱ የካደውን የራሱን ክፍል ሌላው ላይ አይቶ እንደሚታገለው አስተማረ። በራሷ ላይ ድካምን የማትታገሥ ሴት ባሏን «ሰነፍ» እያለች ስትወቅስ የሰማ ሰው ዲክስን ሳያነበውም ያውቀዋል።

ወደ አሜሪካ ስንመጣ፣ ዴቪድ ሻርፍና ጂል ሻርፍ በ1994 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን አካባቢ የመሠረቱት ዓለም አቀፍ የሳይኮቴራፒ ተቋም፣ ኮቪድ ሁሉንም ወደ ስክሪን ከማስገባቱ ብዙ ዓመት በፊት፣ በቪዲዮ ስብሰባ ያስተምር ነበር። የሚከተሉት ኦብጀክት ሪሌሽንስ የሚባለውን አስተሳሰብ ነው፣ ይኸውም ሰው በልጅነቱ ከቅርቡ ሰዎች ጋር የነበረው ግንኙነት ውስጡ ቀርቶ የዛሬውን ግንኙነት ይቀርጻል የሚለውን፤ ጥንዶችና ቤተሰብ ላይ ጠንካራ ናቸው። የወደድኩላቸው አሠራር ከንግግሩ በኋላ ተማሪው በትንሽ ቡድን ገብቶ ትምህርቱ ውስጡ ያስነሳውን ስሜት መነጋገሩ ነው። ስለ ቅናት ንግግር ሰምቶ ቡድኑ ውስጥ ማን ብዙ እንዳወራ ሲቆጭ ራሱን የሚያገኝ ሰው ቅናትን ተማረ። ይኸው ተቋም የሥነ ልቦና ሕክምና መጻሕፍትን በነፃ የሚያወርዱበት የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት አለው፤ ለአዲስ አበባ አንባቢዎቼ ይህ ብቻውን ትልቅ ሀብት ነው።

በርቀት መማር አይሆንም ለሚሉኝ የቻይናውን ምሳሌ እነግራቸዋለሁ። ኒውዮርካዊቷ አናሊስት ኤሊዝ ስናይደር ያቋቋመችው የቻይናና አሜሪካ የሳይኮአናሊሲስ ኅብረት በቻይና ከተሞች ያሉ ባለሙያዎችን በስካይፕ አሠልጥኗል፤ ትምህርቱም፣ ሱፐርቪዥኑም፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚወስዱት ሕክምናም በስክሪን ነበር። በዚህ ላይ በሙያው ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነስቷል፣ አሁንም አልቆመም። የእኔ አቋም፦ በከተማው አንድም አናሊስት የሌለ ሰው «በአካል ካልሆነ ተወው» ሊባል አይገባም።

እዚሁ ሎስ አንጀለስ ያላችሁ የቤታችሁን አትርሱ። ኒው ሴንተር ፎር ሳይኮአናሊሲስም የካሊፎርኒያ የሳይኮአናሊሲስ ማዕከልም ለማንኛውም ክሊኒሺያን ክፍት የሆኑ ትምህርቶች ያዘጋጃሉ። ብሪታንያዊው አናሊስት ዊልፍሬድ ባዮን በ1968 እ.ኤ.አ. ለንደንን ትቶ የመጣው ወደዚህ ከተማ ስለነበር የአናሊስቷ የሜላኒ ክላይንና የባዮን አስተሳሰብ እዚህ ሥር ሰድዷል።

ስለ ሌሎቹ የጥንዶች ቴራፒ ዓይነቶች አጭር ቃል። ሱ ጆንሰን የተባለችው ባለሙያ ያዳበረችው ስሜት ተኮር ቴራፒ የአራት ቀን መግቢያ ሥልጠና አለው፣ የጎትማን ተቋምም ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ትምህርት አለው፤ ሁለቱም በኢንተርኔት ይገኛሉ። ግልጽ እርምጃ ስላላቸው ለጀማሪ ድጋፍ ይሆናሉ። ከሳይኮአናሊሲሱ ጋር አይጣሉም። እኔ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ለመግዛት የተዘጋጀውን ገንዘብ የኬዝ ሴሚናር ላይ አውሉት እላለሁ።

አንድ ነገር እንዳይምታታ፦ ተከታታይ ትምህርት ሌላ፣ ሳይኮአናሊስት ለመሆን መሠልጠን ሌላ። የዓለም አቀፉ የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር ሥልጠና ዓመታት የሚፈጅ ሲሆን ተማሪው ራሱ በሳምንት ብዙ ጊዜ አናሊሲስ ይገባል። የ10 ሳምንት ሴሚናር ጨርሳችሁ ስማችሁ ሥር «ሳይኮአናሊስት» ብላችሁ አትጻፉ።

ለምዝገባ ኢሜይል ስትጽፉ እነዚህን ጠይቁ፦ ቡድኑ ስንት ሰው ነው? እኔ ስንት ጊዜ ኬዝ አቀርባለሁ? መሪው አንድ ነው ወይስ በየሳምንቱ ይቀያየራል? ይቀረጻል ወይ? ቡድኑ ከ12 ሰው በላይ ከሆነ፣ ወይም ኬዝ የማቅረብ ተራ ካላገኛችሁ፣ ስሙ ሴሚናር ቢሆንም ንግግር ነው። መሪ የሚቀያየርበትንም አልመክርም፤ መሪው የእናንተን የአሠራር ልማድ ለማወቅ ሳምንታት ያስፈልጉታል።

ሰዓቱን አንዴ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ

ለንደን ላይ ከምሽቱ 6 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጀምር ሴሚናር ሎስ አንጀለስ ላይ ጠዋት 10 ሰዓት በፈረንጅ ነው። አዲስ አበባ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በለንደን የብርድ ወራት ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በለንደን የሙቀት ወራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል፣ ኢትዮጵያ ሰዓት ስለማትቀይር። ተንኮሉ ያለው መጋቢትና ጥቅምት ላይ ነው። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት የምትገፋው በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ ብሪታንያ ግን በማርች የመጨረሻ እሑድ ነው። በመሃል ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት የለንደኑ ሴሚናር ሎስ አንጀለስ ላይ ጠዋት 11 ሰዓት በፈረንጅ ላይ ይወድቃል። ሲመለስም ብሪታንያ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ስለሚቀይሩ አንድ ሳምንት ይዛነፋል። በእነዚያ ሳምንታት 11 ሰዓት ላይ ደንበኛ አትቅጠሩ።

አቀማመጥ

ሴሚናሩ ውስጥ የሰው ትዳር ነው የሚዘረዘረው፤ ስለዚህ ክፍሉ ከቢሮ እኩል መጠበቅ አለበት። በሩ ይዘጋ፣ የጆሮ ማዳመጫ ይደረግ። ቤታችሁ ውስጥ እናት፣ የእህት ልጅ፣ ያደረ እንግዳ ካለ፣ አማርኛ የማይሰማ ግድግዳ የለምና፣ መኪና ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ይሻላል፤ መኪናው ግን ይቁም። እየነዳችሁ አትግቡ።

የራሳችሁን ምስል ከስክሪኑ ላይ ደብቁት። ሰው ፊቱን እያየ ሌላ ሰው አይሰማም። ሁሉም ፊት እኩል የሚታይበትን ገጽ ክፈቱ፣ ምክንያቱም ጥንዶችን የሚሠራ ሰው ከሚናገረው ይልቅ የሚያዳምጠውን ፊት ማየት ነው ልማዱ መሆን ያለበት። ስልካችሁ ሌላ ክፍል ይደር። አሁን ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ የሚጭነው፣ ስብሰባ ውስጥ በራሱ ገብቶ ንግግሩን የሚጽፍ ፕሮግራም አለ፤ አጥፉት። የሌላ ሰው ፕሮግራም ዝርዝሩ ላይ ካያችሁ ኬዙ ከመጀመሩ በፊት «ይህ ይውጣልን» በሉ። ማፈር አያስፈልግም፤ መሪው ያመሰግናችኋል።

ሴሚናሩ ሲያልቅ ስክሪኑ በአንድ ጠቅታ ይጠፋል፤ በአካል ቢሆን ኖሮ ኮሪደር ላይ ጥቂት አውርተን፣ ደረጃ ወርደን ነበር የምንለያየው። ይህን ሽግግር ራሳችሁ ፍጠሩት። ከሴሚናሩ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቀጠሮ ሳትይዙ ተነስታችሁ ወጣ በሉ፣ ውስጣችሁ የቀረውን አንድ ዐረፍተ ነገር ደብተር ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ቀጣዩን ጥንድ ተቀበሉ።

ኬዝ ማዘጋጀት፣ ዋናው ሥራ

ከክፍለ ጊዜው በኋላ በዚያው ቀን፣ ትዝታው ሳይበርድ፣ የሆነውን በቅደም ተከተል ጻፉ። ደንበኞቼ በአማርኛ ስለሚያወሩ እኔም በአማርኛ ነው የምጽፈው፤ ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው በማግሥቱ ነው። የአንድ ክፍለ ጊዜ ሁሉንም ደቂቃ መጻፍ አይጠበቅባችሁም። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎችና የሆነ ነገር የተጠማዘዘባቸው 10 ደቂቃዎች ይበቃሉ። ማጠቃለያ ግን አትጻፉ። «ባል ስሜቱን መግለጽ ይቸግረዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለቡድኑ ምንም አይሰጠውም፤ የእናንተ ፍርድ ነው እንጂ የሆነው ነገር አይደለም።

ለምሳሌ እንዲሆን እኔው የፈጠርኳቸውን ጥንዶች ልጠቀም። ሰናይትና ዳዊት እንበላቸው። ማስታወሻው እንዲህ ይመስላል («እኔ» የምትለው ቴራፒስቷ ናት)፦

ዳዊት፦ «እሷ ትናገር። እኔ የምለው የለኝም።»

ሰናይት፦ «ቤትም እንዲሁ ነው። እናቱ ስትደውል ግን አንድ ሰዓት ያወራል።»

ዳዊት ጭኑ ላይ የነበረውን ስልክ ገልብጦ አስቀመጠው። እኔ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ጉሮሮዬ ደረቀ።

እኔ፦ «ዝም ስትል ሰናይት ብቻዋን የቀረች ይመስላታል።»

ዳዊት፦ «እርስዎም እንደ ሽማግሌዎቹ ነዎት። እነሱም ለሷ ነው የፈረዱት።»

ሰናይት አለቀሰች፤ ዳዊት ሶፍቱን ወደሷ ገፋው፣ ሳያያት።

በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ስለ ቴራፒስቷ የተጻፈው መስመር ነው፦ ሰዓት ማየቷ፣ የጉሮሮዋ መድረቅ። ካውንተርትራንስፈረንስ የምንለው፣ ደንበኞቹ በቴራፒስቷ ውስጥ የሚያስነሱት ስሜት፣ እዚያ ነው ያለው። ዳዊት ስልኩን ሲገለብጥ ቴራፒስቷ ሰዓት አየች፤ ሁለቱም ከክፍሉ መውጣት ፈልገዋል። ከዚያ የተናገረችው ነገር ትክክል ቢሆንም የሰናይትን ወገን ይዟል፣ ዳዊትም ወዲያው ያዛት። ቡድኑ ውስጥ ያለ ጆሮው ንቁ የሆነ ሰው ደግሞ የመጨረሻውን መስመር ያነሳል፦ የሚለው የሌለው ሰው ሶፍቱን ገፋ። ሳያይ ግን ገፋ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሥራው ከዚያ ሶፍት ሊጀምር ይችላል። ማጠቃለያ ጽፋችሁ ብትቀርቡ ሶፍቱ አይኖርም ነበር።

አሁን ስለ ምስጢር። ለአሜሪካዊ ባልደረባ ስም መቀየር፣ ሥራ መቀየር ይበቃው ይሆናል። ለእኛ አይበቃም። የእኛ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በመስጊዱ፣ በዕድሩ፣ በትውልድ ከተማው፣ ሠርጉ በተደረገበት አዳራሽ፣ ሽማግሌ ሆነው በገቡት ሰዎች ይታወቃል። «አንድ አትላንታ ያለ ወንድም አለው፣ ሱቅ ነበረው፣ ተዘጋ» ብትሉ ዳላስ ያለ ሰው ሊያውቀው ይችላል። ስለዚህ የውጭውን ሁሉ ቀይሩ፦ ከተማውን፣ የልጆቹን ቁጥርና ጾታ፣ ሥራውን፣ አሜሪካ የመጡበትን መንገድ። የማይቀየረው የግንኙነቱ ቅርጽ ነው፦ ማን ይርቃል፣ ማን ይከተላል፣ ሦስተኛው ሰው ማን ነው። ሴሚናሩ ከመጀመሩ በፊት የተሳታፊዎችን ስም ዝርዝር ጠይቁ። ከመካከላቸው የአገራችን ሰው ካለ፣ ሐበሻ ጥንዶችን ለዚያ ቡድን አታቅርቡ፤ ሌላ ኬዝ ይኑራችሁ።

በሕክምና ውሉ ላይ «ማንነታችሁን ሸፍኜ ከባልደረቦች ጋር እመካከራለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይኑር፣ በአማርኛም አስረዱት። ቪዲዮ ወይም ድምፅ ለማሰማት ከሆነ ለብቻው የተጻፈ ፈቃድ ከሁለቱም ያስፈልጋል። ሚስት ፈርማ ባል ካልፈረመ ፈቃድ የለም። ማስታወሻውን በኢሜይል አትበትኑ፤ ስክሪን ላይ አሳዩት ወይም አንብቡት፣ ሲያልቅ ፋይሉን አጥፉ። የፋይሉ ስም ላይም የደንበኛ ስም አይግባ፤ ስክሪን ስታጋሩ ከጎን ያሉት የፋይል ስሞች ሁሉ ይታያሉ።

ስታቀርቡ ሁለት ሦስቱን መስመር በአማርኛ አንብባችሁ ከዚያ ተርጉሙ። ቡድኑ ቃሉን ባይረዳም ድምፁን ይሰማል፣ ቁጣው የት ከፍ እንዳለ፣ የት እንደተሰበረ ያውቃል። ስለ ባህላችን ማብራሪያም ያስፈልጋል፤ ሽምግልና ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ዳዊት ምን እንዳለ አይገባውም። ግን ማብራሪያው ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ይህን የምለው በምክንያት ነው፦ ስለ ሽምግልና፣ ስለ አማት፣ ወደ አገር ቤት ስለሚላክ ገንዘብ መናገር ስንጀምር አስተማሪ እንሆናለን፣ ቡድኑም በአክብሮት ያዳምጣል፣ ሰዓቱም ያልፋል። ያን ጊዜ ዳዊትና ሰናይት ጠፉ። ባህሉ ጥንዶቹ ህመማቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ህመሙ ራሱ ግን የእነሱ ነው፣ ስለዚያ ነው መጠየቅ ያለብን። በተቃራኒው አንድ የውጭ ባልደረባ «ለምን እናቱን አትቆርጥም?» ብሎ ቢጠይቅ አትሸማቀቁ፣ አትቆጡ። «እዚህ ቤት መቁረጥ የሚባል አማራጭ የለም፤ ስለዚህ ሌላ ምን ይታያችኋል?» በሉት። ብዙ ጊዜ ምርጡ ሐሳብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዝም ብሎ መስማት

አናሊስቶቹ ማይክል ባሊንትና ኢኒድ ባሊንት በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ከሐኪሞች ጋር የጀመሩት የቡድን አሠራር በስክሪን በደንብ ይሠራል፤ ስለዚህ ራሳችሁ ቡድን ስትመሠርቱ ከዚህ ጀምሩ። አቅራቢው ያለ ማስታወሻ ኬዙን ይናገራል። ቡድኑ እውነታን የሚመለከት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ ዕድሜያቸው ስንት ነው፣ ስንት ዓመት ተጋብተዋል። ከዚያ አቅራቢው ወንበሩን ወደ ኋላ ይስባል፣ ይኸውም ድምፁን ይዘጋል፣ ካሜራውን ግን አያጠፋም። ሌሎቹ እሱ እንደሌለ አድርገው ስለ ጥንዶቹና ስለ ቴራፒስቱ ይነጋገራሉ። ምክር መስጠት ክልክል ነው። መጨረሻ ላይ አቅራቢው ተመልሶ የነካውን ይናገራል፣ ራሱን ለመከላከል ሳይገደድ።

ለእኛ ይህ ከባድ ነው። ሰው ስለኛ ሲያወራ ዝም ማለት አልለመድንም፣ ታላቅ ሰው ሲናገርም ሐሳቡን መቃወም ነውር ይመስለናል። ቡድኑ ውስጥ ጋሼና እትዬ የሚባል ሰው ካለ ወጣቶቹ ይዘጋሉ። መሪው በመጀመሪያው ቀን ወጣቶቹ ቀድመው እንዲናገሩ ተራ ቢያስይዝ ይረዳል።

የተግባር ልምምድ ስታደርጉ ሦስት ሦስት ሆናችሁ ወደ ትንንሽ ክፍሎች ግቡ፦ ሁለቱ ጥንድ፣ አንዱ ቴራፒስት። «ጥንዶቹ» የተለያየ ቤት ስለሚሆኑ ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን እንዲታዩ አስተካክሉ። 15 ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ። ባል ሆኖ የተጫወተ ሰው ከባልነቱ ሳይወጣ ለቴራፒስቱ ምን እንደተሰማው ይንገረው።

ሕፃን መመልከት

ማንም ሳይጠይቀኝ የምመክረው ነገር ነው። አናሊስቷ ኤስተር ቢክ በ1948 እ.ኤ.አ. ታቪስቶክ ክሊኒክ ውስጥ የጀመረችው ልምምድ ነው፦ አንድን ሕፃን በቤቱ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት መመልከት። እዚያው ሆኖ ማስታወሻ አይያዝም፤ ቤት ተገብቶ ይጻፋል፣ ከዚያ በሴሚናር ይነበባል። መመልከቱ በአካል ነው፣ ሴሚናሩ ግን በርቀት ሊሆን ይችላል። የጥንዶች ቴራፒስት እዚህ የሚማረው የሁለት ሰው ግንኙነት ሦስተኛ ሰው ሲገባበት ምን እንደሚሆን ነው፤ አባት ከሥራ ሲመለስ ጡት የያዘው ሕፃን ምን ያደርጋል፣ እናት ፊቷን ወዴት ታዞራለች።

በሐበሻ ቤት ግን ማንም ዝም ብሎ እንድትቀመጡ አይፈቅድላችሁም። ቡና ይፈላል፣ እንጀራ ይቀርባል፣ ሕፃኑንም እቅፋችሁ ላይ ያስቀምጡታል። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ከእናትም ከአባትም ጋር ተነጋገሩ፦ «ለመማር ነው የምመጣው፣ እንግዳ አይደለሁም፣ አንድ ሰዓት ተቀምጬ እሄዳለሁ።» ቡናውን ግን እምቢ አትበሉ። አንዱን ስኒ ጠጡ፣ ማን እንዳቀረበው፣ ሕፃኑ ያን ጊዜ የት እንደነበረ በኋላ ጻፉት። የቤቱ አያትም የምልከታው አካል ናቸው።

አዲስ አበባ ላላችሁ

ተቋማቱን በቀጥታ ጻፉላቸው። ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ አገር የሚያመለክት ሰው የክፍያ ቅናሽ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ልመና አይደለም። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ የት እንደምትሠሩ፣ በሳምንት ስንት ጥንድ እንደምታዩ፣ በብር የምትከፈሉ መሆናችሁን፣ ምን ያህል መክፈል እንደምትችሉ። ቁጥር ጻፉ፤ «በተቻለ መጠን ቅናሽ» የሚል ደብዳቤ መልሱ ይዘገያል። ክፍያውን በውጭ ምንዛሪ መላኩ አስቸጋሪ ከሆነ፣ ውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍልላችሁ የሚቻል መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ደረሰኙ ግን በእናንተ ስም ይውጣ።

መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። ስልካችሁ ላይ የሞባይል ዳታ ተዘጋጅቶ ይቆይ፣ ሊንኩም ስልካችሁ ውስጥ ይኑር። መስመሩ ሲደክም ካሜራውን አጥፍታችሁ በድምፅ ቀጥሉ፣ ምክንያቱን ቻቱ ላይ በአንድ መስመር ጻፉ። ተራችሁ የሆነ ቀን ደግሞ ማስታወሻችሁን ለመሪው ብቻ በተቆለፈ ፋይል ቀድማችሁ ላኩ፤ መስመራችሁ ቢቆረጥ እሱ ያነብላችኋል፣ ስትመለሱ ውይይቱ ላይ ትደርሳላችሁ።

ለንባብ፣ የሳይኮአናሊሲስ ጆርናሎች የተከማቹበት ፔፕ ዌብ የሚባል ማኅደር አለ። ሙሉው በክፍያ ነው፤ ርዕስና አጭር መግለጫ መፈለግ ግን በነፃ ይቻላል። አንዳንድ ማኅበራትና ተቋማት ለአባሎቻቸው ሙሉ መግቢያ ይሰጣሉ፤ ስትመዘገቡ ይህን ጠይቁ። በሳምንት አንድ ጽሑፍ ይበቃል፣ እሱም ካቀረባችሁት ኬዝ ጋር የሚገናኝ ቢሆን።

ሴሚናሩ ሲያልቅ

የ10 ሳምንቱ የመጨረሻ ቀን ከመድረሱ በፊት፣ ስምንተኛው ሳምንት ገደማ፣ ከቡድኑ ውስጥ አስተያየታቸው እንድታስቡ ያደረጋችሁን ሁለት ሰዎች ምረጡ። የተስማማችሁበትን ሰው ብቻ አትምረጡ፤ ደጋግሞ የተቃረናችሁን አንዱን ጨምሩ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉላቸው፦ «ሴሚናሩ ካለቀ በኋላ በወር አንድ ጊዜ፣ ለ75 ደቂቃ፣ አንድ ሰው አንድ ክፍለ ጊዜ እያቀረበ ብንቀጥል ደስ ይለኛል። የመጀመሪያውን እኔ አቀርባለሁ።» ቀን ጥቀሱ፣ የሦስታችሁንም ከተማ ሰዓት ጻፉ። ይህ ቡድን ለፈቃድ ሰዓት አይቆጠርም፣ ክፍያም የለውም። መሪ ስለሌለ ሰዓት የሚጠብቅና ወሬ ሲበዛ ወደ ጥንዶቹ የሚመልስ አንድ ሰው በየተራ ይሰየም። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ሦስታችሁም ገንዘብ አዋጥታችሁ አንድ ልምድ ያለው የጥንዶች አናሊስት ለአንድ ሰዓት ጋብዙና ያንኑ ኬዝ እንደገና አቅርቡለት።